ከብዕር ወደ ችሎት፥ ከችሎት ወደ ዓለም ሸንጎ

ስለ አንድ ታላቅ ሰው በሚነገርበት ጊዜ ሕዝብ ከሰውየው ሥራ አንዱን መርጦ ያስቀርና ሌላውን ይረሳዋል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ስም ሲጠራ ተማሪው «ደራሲ ናቸው» ይላል፤ ታሪክ ዐዋቂውም «የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ» ሲል ይጨምራል። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን በድርሰታቸውና በሚኒስትርነታቸው መካከል አንድ የተዘነጋ ሥራ አለ፤ ይኸውም ዳኝነታቸው ነው። እኔ በበኩሌ የእኒህን ሰው ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አያይዞ የሚያስረዳው ይህ የተዘነጋው ሥራ ይመስለኛል።

ስለ ዳኝነት ለመጻፍ የሕግ ሊቅ መሆን ይገባ ይሆናል። እኔ ግን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ከጨረስሁ በኋላ በማጀቴ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በመዝገብ ክፍል ተቀጥሬ የምሠራ ጸሐፊ ነኝ። ማጀቴ በሰሜን ሸዋ፣ በአንጾኪያና ገምዛ ወረዳ፣ ደጋው ወደ ይፋት ቆላ በሚወርድበት አካባቢ የምትገኝ ከተማ ናት። በገበያ ቀን ደገኛው ገብሱንና ባቄላውን፣ ቆለኛው ማሽላውንና ፍየሉን ይዞ ይገናኝባታል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው አንዱ ከሌላው ይሸምትባታል። አብረው የሚገበያዩ ሰዎችም አልፎ አልፎ መካሰሳቸው አይቀርም። ቋንቋቸውና ልማዳቸው የተለያየ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ በማን ሕግ ይዳኙ? ይህ ጥያቄ ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ሩቅ አይደለም። የኅሩይን የዳኝነት ሥራ ደጋግሜ እንዳስብ ያደረገኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

ኅሩይ የተወለዱት በ1870 ዓ.ም. በዚሁ በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ነው። ከታላላቅ መሳፍንት ወገን አልነበሩም፤ ርስታቸውም ጉልበታቸውም ትምህርታቸው ነበረ። ማዕረግ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ በነበረበት በዚያ ዘመን አንድ የድኻ ተማሪ ወደ ቤተ መንግሥት የሚገባበት በር ጠባብ ነበረ፤ ከጠባቦቹም በሮች አንዱ የጽሕፈት ሥራ ነበረ። ኅሩይ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው፣ በእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን አስፋፍተው፣ በብዕራቸው ታወቁ።

የጸሐፊነታቸው ፍሬ ገና በጊዜው ታየ። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት በዝርዝር የሚያሳይ ካታሎግ አሳተሙ። ሰው ይህን ሥራ እንደ ቀላል ያየው ይሆናል፤ የመዝገብ ሥራን የሚያውቅ ግን አያቃልለውም። ያለውን ሳያውቁ የጐደለውን ማወቅ አይቻልምና። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ፤ በዚህም ውስጥ የነገሥታቱን፣ የመኳንንቱንና የሊቃውንቱን ታሪክ ለየብቻው በአጭሩ መዝግበዋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶች አነጋገር በሥራ የፈጸሙ ሰው ነበሩ።

በዚህ መካከል ዓለምን ለማየት ዕድል አገኙ። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ በጫኑ ጊዜ ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ የመሩት መልእክት ወደ ለንደን ሲሄድ አብረው ሄዱ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላም በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደው፣ ከከንቲባ ገብሩና ከአቶ ስንቄ ጋራ ወደ አሜሪካ ተልከው የኢትዮጵያን መንግሥት የደስታ ቃል አደረሱ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምንና የአውሮፓን አገሮች ሲጐበኙ ከተከተሉት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ የጉዞውንም ታሪክ «ደስታና ክብር» ብለው ጻፉት። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤትም በሹመት አስተዳድረዋል። ወደ ዳኝነቱ ወንበር የመጡት እንዲህ ባለው መንገድ ተፈትነው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ኅሩይ የተሾሙበት ልዩ ፍርድ ቤት የተመሠረተው በአንድ ውል ላይ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጥር 1 ቀን 1900 ዓ.ም. ክሎቡኮውስኪ ከተባለው የፈረንሳይ መልእክተኛ ጋራ ውል ተዋዋሉ። የውሉ ሰባተኛ ክፍል የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው፤ አንድ የፈረንሳይ ዜጋና አንድ ኢትዮጵያዊ የተካሰሱ እንደ ሆነ ነገሩን ኢትዮጵያዊ ዳኛ ከፈረንሳይ ቆንስል ጋራ ሆኖ፣ በተለየ ስፍራ ይመለከተዋል። ተከሳሹ ፈረንሳዊ ቢሆን በፈረንሳይ ሕግ፣ ኢትዮጵያዊ ቢሆን በኢትዮጵያ ሕግ ይፈረዳል። ዳኛውና ቆንስሉ ባይስማሙ ነገሩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ይቀርባል። ከፈረንሳይ በኋላ የሌሎችም መንግሥታት ዜጎች በዚሁ መብት ተጠቀሙ። ቆይቶም ይህን ዐይነቱን ክርክር የሚሰማ ቋሚ ፍርድ ቤት በአዲስ አበባ ቆመ፤ ልዩ ፍርድ ቤት የሚባለውም ይህ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው ሁኔታ አስብ። በአንድ በኩል የአገሩ ሰው ቆሟል፤ ይህ ሰው የሚያውቀው ችሎት ዋስ የሚጠራበት፣ ነገር የሚረታበት፣ ነጠላውን አጣፍቶ በአንደበቱ ኃይል የሚከራከርበት ችሎት ነው። በሌላው በኩል ነጋዴው ፈረንጅ ቆሟል፤ እርሱ ደግሞ የተጻፈ ውል፣ የተፈረመ ደረሰኝና በቍጥር የታተመ ሕግ ካላየ አያምንም። ከዳኛው አጠገብ የውጭ መንግሥት ቆንስል ተቀምጧል። ዳኛው ለወገኑ ቢያደላ «አገሩ ሕግ የለውም» ይባላል፤ ለባዕዱ ቢያደላ ደግሞ በገዛ አገሩ ወገኑን አሳልፎ ሰጠ ይባላል። ከሁለቱም ነቀፋ የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ሁለቱን እኩል ሰምቶ፣ የፈረደበትን ምክንያት ግልጥ አድርጎ መጻፍ ነው።

እንዲህ ላለው ወንበር የሚፈለገው በጦር ሜዳ ስም ያተረፈ ሹም ሳይሆን መጽሐፍ የሚያውቅ፣ የውጭውንም አገር ያየ ሰው ነበረ። በልዩው ፍርድ ቤት ከተቀመጡት ሌላው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ መሆናቸውም ይህን ያስረዳል፤ እሳቸው በሕንድ አገር አድገው ሕክምና የተማሩ ሰው ነበሩ። መንግሥት በዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠው ጸሐፊንና ሐኪምን ነው። ሁለቱም ሥራቸው አንድ ጠባይ ይጠይቃል፤ ሳይመረምሩ አለመናገርን።

ይህ ፍርድ ቤት ግን ሙሉ ክብር ያለው ፍርድ ቤት አልነበረም። አንድ ነጻ መንግሥት በገዛ ምድሩ ላይ የሚያስችለውን ችሎት ከውጭ ቆንስል ጋራ ሲካፈል ከነጻነቱ የተቀነሰ ነገር አለ። ይህ የደረሰው በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በቱርክ የነበረው የውጭ ዜጎች ልዩ መብት የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1923 በሎዛን ውል ነው። በግብጽ ድብልቅ ፍርድ ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1949 ድረስ ቆይተዋል። ጃፓን ግን ሕጎቿን ጽፋ፣ ዳኞቿን አስተምራ፣ የቆንስሎችን ዳኝነት እ.ኤ.አ. በ1899 ከምድሯ አስወገደች። ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. ልዩ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ሰው ስለዚህ መጽሐፍ ሲያወራ ፋብሪካውንና ባቡሩን ያነሣል፤ እኔ ግን ከቆንስል ጋራ ለፍርድ ተቀምጦ የነበረ ሰው ጃፓንን ሲያይ ከፋብሪካው ይልቅ በአገሯ ብቻዋን የምትፈርድ መሆኗ ሳያስቀናው አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ከዚህ ላይ የእኛን አገር ነገር ጨምሬ ልናገር። በይፋት በኩል አንድ ሰው በሌላው ሕግ የማይገደድበት ጉዳይ መኖሩ አዲስ አይደለም። የሙስሊሞችን የጋብቻና የውርስ ነገር የሚያዩት የቃዲዎችና የናኢቦች ፍርድ ቤቶች በ1936 ዓ.ም. አዋጅ ሥርዓት ወጥቶላቸዋል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በግልና በቤተ ሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘትን አይከለክልም። ልዩነቱን አንባቢ ያስተውል፤ በልዩው ፍርድ ቤት የሕጉን ዐይነት የሚወስነው የውጭ ኃይል ያስገባው ውል ነበረ፤ እዚህ ግን የሚወስነው የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። በፈቃድ የተለያየ ሕግ አገርን አይከፍልም፤ በግዴታ የተካፈለ ችሎት ግን ነጻነትን ይቈርሳል።

ምክንያቱ የተጻፈ ፍርድ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው በሥራዬ ላይ ያየሁትን ላውጋ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ሰዎች ስለ አንድ የመስኖ ቦይ ተጣልተው መጡ፤ አንዱ ከደጋው ወገን፣ ሌላው ከቆላው ወገን ነበሩ። ሁለቱም በየኪሳቸው አባቶቻቸው በሽምግልና የታረቁባቸውን አሮጌ ወረቀቶች ይዘዋል። አንደኛው ወረቀት «ውሃው ለእገሌ ይሁን» ብሎ ሽማግሎቹ በጣታቸው ፈርመውበታል፤ ለምን እንደዚያ እንደ ተባለ ግን አንድ ቃል የለበትም። ሁለተኛው ወረቀት ስለ ሌላ ቦይ የተጻፈ ሲሆን፣ «የላይኛው ቦዩን በጉልበቱ ስለ ቈፈረ አራት ቀን፣ የታችኛው መሬቱን ለቦዩ ማለፊያ ስለ ሰጠ ሦስት ቀን ያጠጡ» ይላል። በመጀመሪያው ወረቀት ልጆቹ ዳግመኛ ተካሰሱ፤ በሁለተኛው ግን ማንም አልተከራከረም። ሽማግሎቹ የሞቱ ቢሆኑም ምክንያታቸው በሕይወት ነበረና። እኔም ነገሩን መዝግቤ ለሚመለከተው ክፍል አሳለፍሁት፤ ሽማግሎችም ሁለተኛውን ወረቀት አብነት አድርገው የመጀመሪያውን ጠብ አስታረቁ። ትእዛዝ ከአዛዡ ጋራ እንደሚሞት፣ ፍርድ ግን ምክንያቱ እስካለ ድረስ እንደሚኖር የተማርሁት ከዚህ ነው።

ኅሩይ በልብ ወለድ ድርሰቶቻቸውም ይህን የዳኛ ጠባይ አልተዉም። በ1925 ዓ.ም. ባወጡት «አዲስ ዓለም» ውስጥ ዐወቀ የተባለው የተጉለት ልጅ በፈረንሳይ ተምሮ ሲመለስ ከዘመዶቹ ጋራ በተዝካርና በልማድ ነገር ይጋጫል። ደራሲው ልጁን አዋቂ፣ ዘመዶቹን ደንቆሮ አድርገው ለመጨረስ ይችሉ ነበረ። እሳቸው ግን ዘመዶቹም የሚሉትን እንዲናገሩ ፈቀዱላቸው፤ አሮጌውና አዲሱ እንደ ባላጋራዎች ቆመው ይከራከራሉ። ያለ ዕድሜ ጋብቻን ነገር በጻፉበት በ«የልብ አሳብ» ውስጥም አንባቢውን በቍጣ ሳይሆን በነገር ለማሳመን ይደክማሉ። ይህን ባነበብሁ ቍጥር አንድ ሰው ከችሎት ቢነሣም ችሎቱ ከእርሱ እንደማይነሣ ይሰማኛል።

ዳኝነትና የውጭ ጉዳይ በአንድ ሰው ላይ የተገናኙበት ምሳሌ በሌላም አገር አለ። በአሜሪካ ጆን ጄይ የተባለው ሰው በመጀመሪያ የአገሩን የውጭ ጉዳይ ሲመራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1789 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ዋና ዳኛ ሆነ፤ በዚያ ወንበር ላይ ሳለም በ1794 ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ከእንግሊዝ ጋራ እንዲዋዋል ወደ ለንደን ላኩት። የኅሩይ መንገድ ግን በተገላቢጦሽ ነው፤ እሳቸው ከዳኝነት ተነሥተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። አዲስ መንግሥት ሲቋቋም የተማረ ሰው ጥቂት ስለሆነ አንዱ ሰው የብዙ ሰው ሥራ ይሸከማል። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። ጄይ የተላከው የሚሰማውን ባለጋራ ለማነጋገር ነበረ፤ ኅሩይ ግን ሊሰማ የማይወድ ባለጋራ ገጠማቸው።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል የኢትዮጵያና የኢጣልያ ወታደሮች ተጋጩ። በሁለቱ መንግሥታት መካከል ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. የተደረገው ውል ጠብ ቢነሣ በዕርቅና በግልግል ዳኝነት እንዲያልቅ ያዝ ነበረ። የኅሩይ መሥሪያ ቤት ግጭቱ በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይህንኑ ውል ጠቅሶ የግልግል ዳኛ ጠየቀ። ኢጣልያ እንቢ አለች፤ ካሣና ይቅርታም ፈለገች። ነገሩ በኅሩይ ስም በተላከ ቴሌግራም ለመንግሥታት ማኅበር ቀረበ። ልብ በሉ፤ ይህ የዳኛ ሥራ ነው። ጦር የያዘ ሰው ሲመጣበት «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚጮኸው የአገራችን ሰው ያደረገውን ነው ያደረጉት፤ የጮኹት ግን በጄኔቭ ሸንጎ ፊት ነበረ።

ከብዙ መጓተት በኋላ ኢጣልያ የግልግል ጉባኤውን ተቀበለች። ከአምስቱ ገላጋዮች ሁለቱን ኢጣልያ፣ ሁለቱን ኢትዮጵያ መረጡ፤ ኢትዮጵያ የመረጠቻቸው ፈረንሳዊው ላ ፕራዴልና አሜሪካዊው ፖተር ነበሩ፤ አምስተኛው ግሪካዊው ፖሊቲስ ሆነ። ጉባኤው ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. በአንድ ድምፅ ፍርዱን ሰጠ፤ ለወልወል ግጭት ከሁለቱ መንግሥታት አንዳቸውም ተጠያቂ አይደሉም አለ። እንግዲህ ኢጣልያ ለካሣና ለይቅርታ የጠቀሰችው ምክንያት በገዛ ገላጋዮቿም ጭምር ፈረሰ። ነገር ግን በወሩ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር መረብን ተሻገረ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ፍርዱ ምን ጠቀመ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ጦርነቱ አልቀረም። ኅሩይም ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከአገር ወጡ፤ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ኖረው፣ ነጻነቱን ሳያዩ በመስከረም 1931 ዓ.ም. ዐረፉ። አፅማቸው ወደ አገሩ ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው በኋላ ነው። በጠመንጃ ዐይን ሲታይ የእኒህ ሰው ሥራ የተሸነፈ ሥራ ነው። እኔ ግን እንዲህ አላይም። የአገራችን ባላገር «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል። ይህ አነጋገር የሚያስተምረን ሰው የሚቈጨው በዕቃው ዋጋ ሳይሆን በተደፈረው ሕግ መሆኑን ነው። ዓለም በኋላ የፋሽስትን ወረራ ወረራ ብሎ ለመጥራት የቻለው ነገሩ አስቀድሞ ተመዝግቦ፣ ተከራክሮ፣ ተፈርዶበት ስለነበረ ነው። ኢትዮጵያ ያለ መዝገብ ብትወረር ኖሮ ወራሪው ታሪኩን ብቻውን በጻፈው ነበረ።

ከድል በኋላ የኅሩይ ትውልድ የጀመረው ነገር ወደ ፍጻሜው ሄደ። በ1934 ዓ.ም. የፍርድ ቤቶች አቋም በአዋጅ ተደነገገ፤ የውጭ ዜጎችም ቆንስል አብሮ በሚያስችልበት ችሎት መዳኘታቸው ቀርቶ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች የሚዳኙ ሆኑ። በመጀመሪያው ጊዜ የእንግሊዝ ዳኞች በችሎቱ ቢቀመጡም ፍርድ ቤቱ የኢትዮጵያ ነበረ። ከዚያም በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጡ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ብዙው ክፍል ዛሬም ይሠራበታል። ልዩ ፍርድ ቤት ያስፈለገው «ኢትዮጵያ የተጻፈ ሕግ የላትም» በሚል ሰበብ ነበረ፤ ሕጉ ሲጻፍ ሰበቡ ሞተ።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የምንሠራ ሰዎች ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ምንድር ነው? ጸሐፊ መሆን የትንሽ ሰው ሥራ ነው የሚል አሳብ በብዙዎች ዘንድ አለ። ኅሩይ በጸሐፊነት ጀመሩ፤ ነገር ግን ጸሐፊነትን ጥለው ዳኛ፣ ዳኝነትን ጥለው ሚኒስትር አልሆኑም። ካታሎጉን ያዘጋጀው እጅ የፍርዱንም ምክንያት፣ የጄኔቩንም አቤቱታ የጻፈ እጅ ነው። መምህሩ ተማሪውን «መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳገኘኸው ጻፍ» ሲለው፣ ሹሙ ለባለጉዳዩ «አይቻልም» ከማለት ዐልፎ ለምን እንደማይቻል በወረቀት ሲያሰፍርለት፣ ሽማግሌው በዛፍ ጥላ ሥር ያስታረቀውን ከነምክንያቱ ሲያጽፍ፣ ሁሉም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። ምክንያቱ ያልተጻፈ ውሳኔ፣ ትክክል እንኳ ቢሆን፣ ለተሸነፈው ሰው ዱላ ነው፤ ምክንያቱ የተጻፈ ውሳኔ ግን፣ የተሳሳተ እንኳ ቢሆን፣ የሚታረምበት መንገድ አለው። በልዩ ልዩ ሕግና ልማድ የሚኖሩ ሰዎች በአንድ አገር አብረው ለመኖር ከዚህ የተሻለ ዋስ አላገኙም።